የሰማይና የደመና መዝጋቢ፤ አንትዋን ዳባዲና ሳያየው የቀረው የኦሞ መጨረሻ

ከጂንካ ከተማ ተነሥቶ የማጎን ቁልቁለት በመውረድ ወደ ኦሞ ወንዝ የሚያመራ መንገደኛ፣ ደመና ባልጋረደው የሚያዝያና የግንቦት ምሽት ፊቱን ወደ ደቡብ ቢያዞር፣ ከአድማሱ ብዙ ሳይርቁ በመስቀል ቅርጽ የተሰደሩ አራት ከዋክብት ይታዩታል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የደቡብ መስቀል ይሏቸዋል። ጂንካ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ በማይሞላ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ በመስቀሉ ግርጌ ያለው ደማቅ ኮከብ ከአድማስ እስከ 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በፈረንሳይ ምድር ለሚኖር ሰው ግን ይህ ኮከብ ከቶ አይወጣለትም።

በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩት ሙርሲዎች እነዚህን ከዋክብትና በአጠገባቸው ያሉትን የሴንታውረስ ከዋክብት የሚመለከቱት ለመደነቅ ብቻ አልነበረም። ከዋክብቱ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ተራ በተራ መታየታቸውን ሲያቆሙ፣ የኦሞ ሙላት ከምን ደረጃ እንደ ደረሰ፣ ውሃው ሲጎድልም በደለሉ ላይ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ እንደ ተቃረበ ይገምቱባቸው ነበር። ሙላቱን የሚያመጣው በእነርሱ ሰማይ ሥር የሚጥለው ዝናብ አይደለም፤ በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ በበልግ፣ አነስተኛው ደግሞ በመጸው ይመጣል። ወንዙን የሚሞላው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በጊቤና በጎጀብ ደጋማ አገሮች ላይ በክረምት የሚወርደው ዝናብ ነው። ስለዚህ የታችኛው ኦሞ ገበሬ በራሱ ሰማይ ላይ ያለውን ኮከብ እያየ፣ በሌላ ሰማይ ሥር የዘነበውን ዝናብ ያሰላ ነበር ማለት ነው።

ያንን የላይኛውን አገር፣ ተራራውንና ኮከቡን፣ ደመናውንና ነጐድጓዱን በመሣሪያ እየለካ በመዝገብ ካሰፈሩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ አንትዋን ዳባዲ ነው። ይህ ሰው የኦሞን የላይኛውን ተፋሰስ በእግሩ ዞሮ ለካው፤ የወንዙን መጨረሻ ግን አላየውም፤ ሳያየውም ፍርድ ሰጠበት፤ ፍርዱም ስሕተት ሆነ። ስሙ ከስሕተቱ ጋር ሳይቀበር እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት ሰማይንና ምድርን መመልከትን ሙያቸው ላደረጉ ሁሉ ሊታወስ የሚገባው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልደቱና አነሣሡ

አንትዋን ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ የባስክ አገር የመጣ ሰው ሲሆን፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ልጁ ትምህርቱን በቱሉዝ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ተከታተለ። ገና ወጣት ሳለ ወደ አፍሪካ ውስጣዊ አገሮች ለመጓዝ ቆርጦ ተነሥቶ ስለ ነበር፣ ሕግ ከመማሩ ጎን ለጎን የሥነ ፈለክና የተፈጥሮ ጥናት መሠረትን ያዘ። ሰውነቱንም ለረጅም የእግር ጉዞ አለማመደ።

የመጀመሪያው የሳይንስ ተልእኮው ወደ ብራዚል ነበር። በ1836 መጨረሻ ተነሥቶ በ1837 በኦሊንዳ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ለካ። በዚህ ጉዞ በአንድ መሣሪያ ላይ በየሰዓቱ ተተክሎ መቆየትን፣ የታየውን ሁሉ ወዲያው መጻፍን ልማድ አደረገ። ልማዱ በኋላ በኢትዮጵያ ለሠራው ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነው።

በ1838 መጀመሪያ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎንደር ከገቡ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። አርኖ የጦርና የመኳንንት ሕይወት ስቦት ከጎጃሙ ገዢ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። አንትዋን ግን የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ እንደማይበቁ ስለ ተረዳ፣ የተሻሉትን ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መሣሪያውን ይዞ ዳግመኛ መጣ። በዚህ ጊዜ ዐይኑ በጽኑ ታሞ ከሥራው ታግዶ ነበር። ኑሮውን በዐይኑ ላይ ለመሠረተ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አልነበረም። ሆኖም ጥቂት ሲሻለው ወደ መሣሪያው ተመለሰ።

በጎንደር ከሊቃውንት እግር ሥር ቁጭ ብሎ ግእዝና አማርኛ ተማረ። እንደ አገሩ ተማሪ ለብሶ፣ ጫማውን ጥሎ በባዶ እግሩ ይሄድ ጀመር። የብራና መጻሕፍትን ሰበሰበ፤ የሚያስፈልገውንም አስገለበጠ። የመጻሕፍቱ ቁጥር ከሁለት መቶ ያለፈ ሲሆን፣ ዝርዝራቸውን በ1859 አሳተመ።

የአለካኩ ስልት

ዳባዲ በተጓዘበት ዘመን አንድን ቦታ በካርታ ላይ ለማስቀመጥ መንገደኛው የሚተማመነው በሰማይ ነበር። ኬክሮስን ማግኘት ብዙ አያስቸግርም፤ ፀሐይ ወይም አንድ የታወቀ ኮከብ በሰማይ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ከአድማስ ያለውን ከፍታ መለካት ይበቃል። በዚህ አለካክ የአንድ ደቂቃ ማዕዘን ስሕተት በምድር ላይ ከ1.85 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ኬንትሮስ ግን በሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። በበቅሎ ጀርባ ሲንገላታ የከረመ ሰዓት በአንድ ደቂቃ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት፣ ከተማው በካርታው ላይ ከ27 ኪሎ ሜትር በላይ ከቦታው ይሸሻል። ሰዓቱን በጨረቃና በከዋክብት ለማረም ደግሞ የጠራ ሌሊት ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ወራት የጠራ ሌሊት የሚገኘው በስንት ልመና ነው።

ዳባዲ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ተራሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተሳሰር ነበር። በየደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ቴዎዶላይቱን ተክሎ፣ ዙሪያውን የሚታየውን የተራራ ጫፍ ሁሉ አቅጣጫውንና የከፍታ ማዕዘኑን ይለካል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉብታ ሄዶ እነዚያኑ ጫፎች እንደ ገና ያያቸዋል። በዚህ አኳኋን ከምጽዋ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ካፋ አገር የሚደርስ የማዕዘኖች ሰንሰለት ዘረጋ። ሰንሰለቱ ስላለ፣ አንድ ሌሊት ሰማይ ጠርቶ የተገኘ የኮከብ ልኬት የዚያን ቦታ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የታዩትን ተራሮች ሁሉ ያቀና ነበር። ደመና የሸፈነው ሌሊትም ሥራውን አያፈርስበትም።

ይህ ስልት ግን የራሱ ጠላት ነበረው። በበጋ ወራት፣ ሰማዩ ከደመና ነጻ ሆኖ ሳለ፣ አየሩ በደረቅ ጭጋግ ይደፈርስና ሩቁ ተራራ ከዐይን ይሰወራል። የአገራችን ሰው ቆባር የሚለው ይህ ነው። ዳባዲ ቆባርን እንደ እንቅፋት ብቻ ቈጥሮ አላለፈውም፤ በአየር ላይ ጥናት ጽሑፎቹ ውስጥ በአማርኛ ስሙ ለአውሮፓ ሊቃውንት አስተዋወቀው። ሰማይ ከደመና ነጻ መሆኑና አየሩ የጠራ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቃል አይገኝም። ከዋክብትን በመነጽር የሚመለከት ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት በራሱ ሌሊት ላይ ያውቀዋል።

ነጐድጓዱንም እንዲሁ መዘገበ። አብዛኛው መንገደኛ የዝናብ ማዕበል ሲመጣ መሣሪያውን ሸፍኖ ድንኳኑ ውስጥ ይደበቃል። ዳባዲ ግን ነጐድጓዱ የተሰማበትን ጊዜና ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ይጽፍ ነበር። ከዚህ መዝገብ ስለ ኢትዮጵያ ነጐድጓድ የሚተርክ ጥናት ወጥቶ በ1858 በፓሪስ ቀረበ። ኮከብ ለማየት ያልጠቀመው ሌሊት በዚህ መንገድ ለሌላ ጥናት ጠቀመ።

እናርያ፣ ካፋና የጊቤ ምንጭ

በ1843 ዳባዲ ጊቤን ተሻግሮ ወደ እናርያ ሄደ። በዚያ ዘመን እናርያን የሚገዛው ኃያሉ ንጉሥ አባ ባጊቦ ነበር። ንጉሡ ከካፋ ቤተ መንግሥት ሚስት አጭቶ ስለ ነበር፣ ሙሽራይቱን ለማምጣት ከሚሄዱት መልእክተኞች ጋር ዳባዲ ተቀላቅሎ እስከ ቦንጋ ደረሰ። ከእርሱ በፊት ካፋ ደርሶ ስለ አገሩ በጽሑፍ ያስረዳ አውሮፓዊ መንገደኛ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከቦንጋ ወዲያ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ግን አላየውም። ወንዙ ከካፋ በታች ወደየት እንደሚሄድ ያወቀው ከነጋዴዎችና ከመንገደኞች አፍ እየሰማ ነው። የጊቤ ውሃ ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ ኦሞ እንደሚሆን ተረዳ፤ ትክክልም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ታላቁ ወንዝ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባ መሰለው። ዘመኑ የዓባይ ምንጭ ፍለጋ የአውሮፓን ሊቃውንት ሁሉ የያዘበት ዘመን ነበር። በ1846 ሁለቱ ወንድማማቾች በጊቤ አገር ጫካ ውስጥ ካለ ምንጭ ሲደርሱ፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ እንዳገኙ አምነው ደስታቸውን ገለጹ።

እዚህ ላይ የዳባዲ ሁለት ባሕርያት ተጋጩ። አንደኛው ያላየውን የማይጽፈው መዝጋቢ ነው፤ ሁለተኛው የዘመኑን ትልቅ ጥያቄ ለመመለስ የጓጓው አሳሽ ነው። የጊቤን ምንጭ ኬክሮስ ለመለካት ኮከብ ጠብቋል፤ የኦሞን መጨረሻ ለመወሰን ግን ወሬ በቃው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከቦንጋ በታች እስከ ወንዙ አፍ የሚዘልቀው፣ አንድም ማዕዘን ያልተለካበት አገር ነበር።

ክርክሩ

ዳባዲ በ1848 ከኢትዮጵያ ወጣ። በአውሮፓ ክብር ጠበቀው፤ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበርም የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። ወዲያው ግን ብርቱ ተቃዋሚ ተነሣበት። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ፣ እርሱም በሸዋና በጎጃም የተጓዘና ስለ ወንዞቹ የጻፈ ሰው፣ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ የዳባዲ የካፋ ጉዞ እውነት መሆኑን ካደ። ቀጥሎም ከዚያው ማኅበር የተቀበለውን ሜዳሊያ በተቃውሞ መለሰ። ለአንድ መንገደኛ ሄድሁ ያለበትን አልሄደም ከመባል የከፋ ስድብ የለም። የዳባዲ የአሥር ዓመት ድካም ሁሉ በዚህ ክስ ላይ ተንጠለጠለ።

መልሱ በመጽሐፍ መልክ መጣ። ዳባዲ ከሒሳብ ሊቁ ከሩዶልፍ ራዶ ጋር ሆኖ ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት ስለ ኢትዮጵያ የምድር ልኬት የሚናገረውን ትልቅ ሥራውን አሳተመ። በመጽሐፉ ያስቀመጠው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ አልነበረም። የቆመባቸውን ቦታዎች፣ ያያቸውን ጫፎችና የለካቸውን ማዕዘኖች ደርድሮ አቀረበ። ማንም የሚጠራጠር ሰው ሒሳቡን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊሠራው ይችላል። በ1873 ደግሞ በብራዚልና በኢትዮጵያ ስለ ምድርና ስለ አየር የመዘገበውን ለብቻው አወጣ። የካፋ ጉዞው እውነት መሆኑ ውሎ አድሮ ታወቀ።

የዓባይ ጉዳይ ግን ሌላ ሆነ። በ1862 ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። የጊቤ ምንጭ የነጭ ዓባይ ራስ ነው የሚለው አሳብ መሠረቱ ተናጋ። የኦሞ ውሃ የት እንደሚገባ ግን ገና የሚያውቅ አልነበረም።

የአንዳይ ግንብ

ዳባዲ በ1859 ካገባ በኋላ በባስክ አገር ጠረፍ፣ በአንዳይ ከተማ አጠገብ ግንብ አሠራ። ሥራው ከ1864 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። የግንቡ ጌጥ ኢትዮጵያን የሚያስታውስ ነው፤ በምግብ ቤቱ ወንበሮች ላይ ሳይቀር የአማርኛ ፊደላት ተጠልፈዋል። በግንቡ ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ተሠራ። መሣሪያዎቹም ክብን በ360 ዲግሪ ፈንታ በ400 ክፍል የሚከፍሉ ነበሩ፤ ዳባዲ የአሥርዮሽ አቆጣጠር ለሥነ ፈለክ ሒሳብ እንደሚበጅ ያምን ነበርና።

በዚሁ ግንብ አንድ የከሸፈ ሙከራ አለ። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለማጥናት፣ በግድግዳዎቹ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ቀዳዳ አስበስቶ፣ ላ ሩን የሚባለውን የሩቅ ተራራ ጫፍ በመነጽር ለማየት አሰበ። የታሰበው አልሆነም፤ በቀዳዳው ምንም አልታየም። ሌላ ባለጸጋ ቢሆን ቀዳዳውን በጌጥ ሸፍኖ ነገሩን ያስረሳው ነበር። ዳባዲ ግን አለማየቱንና አለመማሩን የሚናገር ቃል በባስክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ለመጪው ትውልድ ተወው። ለጊቤ ምንጭ የቸኮለው ወጣት ከዚህ ድንጋይ በፊት የነበረ ሰው ነው፤ ድንጋዩን ያስቀረጸው ሽማግሌ የዝምታንም ዋጋ ያወቀ ነው።

በሽምግልናውም ከሥራ አላረፈም። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። በ1882፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሳለ፣ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት ወደ ሄይቲ ተሻገረ። በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ግንቡንና ርስቱን ለአካዳሚው ሲያወርስ ያኖረው ግዴታ፣ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ ነበር። ከእርሱ በኋላ ካህናት የሆኑ የሥነ ፈለክ ሰዎች በዚያ ቤት ለአሥርታት ዓመታት ከዋክብትን ሲለኩ ኖሩ።

የወንዙ መጨረሻ

በ1888 ቴሌኪና ቮን ኸነል ከደቡብ በኩል ተጉዘው ከትልቁ ሐይቅ ደረሱ፤ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስምም ሩዶልፍ አሉት። ዛሬ ቱርካና የሚባለው ሐይቅ ነው። ከሰሜን የሚገባውን ወንዝ እስከ ላይኛው አገር የተከተለው ግን አልነበረም። በ1896 ኢጣሊያዊው ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ መሣሪያ የታጠቀ ብዙ ሰው አስከትሎ፣ በየመንገዱ ከነዋሪዎች ጋር ደም እየተፋሰሰ ወደ ኦሞ ደረሰ፤ ወንዙንም እየተከተለ በነሐሴ ወር ሐይቁ ዳር ወጣ። ኦሞ ወደ ዓባይ ሳይሆን ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ እንደሚገባ በዚህ ተረጋገጠ።

ቦቴጎ ይህን ለአገሩ ሊናገር አልታደለም። በመመለሻው መንገድ፣ ማርች 17 ቀን 1897፣ በወለጋ ጊዳሚ አጠገብ በተደረገ ውጊያ ተገደለ። ውጤቱን በ1899 ያሳተሙት ከሞት የተረፉት ባልደረቦቹ ቫኑቴሊና ቺተርኒ ናቸው። ቦቴጎ በወደቀ በሁለተኛው ቀን፣ ማርች 19 ቀን 1897፣ አንትዋን ዳባዲ በፓሪስ በ87 ዓመቱ ዐረፈ። የኦሞን ራስ የለካውና የኦሞን እግር ያየው ሰው በሁለት ቀን ልዩነት ተከታትለው ሄዱ።

ስለ ወንዙ መጨረሻ የሰጠው ፍርድ ሲወድቅ የዳባዲ ሥራ አብሮ አልወደቀም። ማዕዘኖቹ ከፍርዱ ተለይተው ተጽፈው ስለ ነበር፣ በኋላ የመጡት ካርታ ሠሪዎች ስሕተቱን ቆርጠው ጥለው ልኬቱን ወሰዱ።

በታችኛው ኦሞም የከዋክብት ትዝብት የሚታረምበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ሙርሲዎች የያዙት ወር ስንተኛው እንደሆነ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፤ ማን ልክ እንደ ነበረ የሚታወቀው ወንዙ ሞልቶ፣ ኮከቡ ጠልቆ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። አቆጣጠሩ ሳይዛነፍ የቆየውም ክርክሩ በታየው ነገር ስለሚፈታ ነው። ከ2015 ወዲህ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ግን የሙላቱ ሥርዓት ተለውጧል። ኮከቡ በጊዜው ይጠልቃል፤ ውሃው ግን እንደ ቀድሞው ኮከቡን አይከተልም።

ዛሬ ሌሊት ሰማዩ ይጠራ እንደሆነ ለከዋክብት ተመልካቾች የሚተነብይ የእጅ ስልክ መተግበሪያ የሚነድፍ ባለሙያ፣ የዳባዲን ደብተር ዓምዶች እንደ ገና መሙላቱ ነው፤ ደመናው፣ ቆባሩ፣ የአየሩ እርጥበት፣ የጨረቃ ብርሃን፣ አድማስን የሚጋርደው ተራራ። ከዓለም አቀፍ የትንበያ ሒሳቦች አንዳንዶቹ ምድርን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጎን ባለው ሰሌዳ ይከፋፍሏታል። ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ጂንካና 500 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለው የማጎ ሜዳ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ በአንድ ቁጥር ሊጠሩ ይችላሉ፤ የሁለቱ ሌሊት ግን አንድ አይደለም። ቁጥሩ የሚታረመው በጂንካ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ያየውን፣ ሳያይ የቀረውንም ጭምር ከነሰዓቱ ሲጽፍ ነው።